ዪት፦ የአሽቀንጥር ቃል

«ዪት» የአሜሪካ ወጣቶች ያስፋፉት የአራዳ እንግሊዝኛ ነው። መወርወር ማለት ነው፤ ግን ዝም ብሎ መወርወር አይደለም። ባለ በሌለ ጉልበት ነው። የሚወረወረው ነገር ቢሰበር ባይሰበር ግድ የለም። በአማርኛ «ወረወረ» አይበቃውም፤ «አሽቀነጠረ» ይሻለዋል። ለጓደኛው ኳስ ያቀበለ ሰው ዪት አላደረገም።

ቃሉ ከውርወራ በፊት የደስታ ጩኸት ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጭፈራ ስም ሆነ። ጥቁር አሜሪካውያን ታዳጊዎች «ዪት!» እያሉ ሲጨፍሩ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ቫይን ላይ ተዛመቱ። ቫይን የስድስት ሰከንድ ቪዲዮ የሚለቀቅበት መተግበሪያ ነበር። ቃሉን ከውርወራ ጋር ያጣበቀው ግን ሌላ ቪዲዮ ነው። ትምህርት ቤት ኮሪደር ውስጥ አንዲት ልጅ የለስላሳ ቆርቆሮ ይሰጧታል። ባዶ ነው ትልና «ዪት!» ብላ ሰው መሀል ትለቀዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ቫይን በ2017 ተዘጋ፤ ቃሉ ግን ከአፍ አልጠፋም።

እኔ የምወደው ድምፁን ነው። «ዪ» ሲረዝም ክንድ ይወነጨፋል፤ «ት» ላይ ዕቃው ከእጅ ይወጣል። እኛም «ዥው አደረገው» ስንል የምንሠራው ይህንኑ ነው፤ ድምፁን ይዘን ግስ እናደርገዋለን። የአማርኛ ተናጋሪ ለዪት ባዳ አይደለም።

ኃላፊ ጊዜው ላይ ክርክር አለ። መደበኛው «ዪተድ» ነው። ብዙ ወጣቶች ግን ለጨዋታ «ዮት» ይላሉ። ነገሩ መሠረት የለሽ አይደለም። «ራይት» የሚለው ግስ «ሮት» እንደሚሆነው፣ ነባር የእንግሊዝኛ ግሶች መሀላቸውን እየለወጡ ጊዜ ያሳያሉ። ልጆቹ ሳያውቁት አዲሱን ቃል በጥንቱ ሕግ አረቡት።

ምሁራኑም አልናቁትም። በ1889 የተቋቋመው የአሜሪካ የቀበልኛ ጥናት ማኅበር የ2018 ምርጥ የአራዳ ቃል ብሎ መረጠው። ሜሪያም ዌብስተር ደግሞ በ2022 መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አስገባው።

ዛሬ ዪት የሚደረገው ዕቃ ብቻ አይደለም። ከስልክ የተሰረዘ ፎቶም፣ ከግሩፕ የተባረረ ሰውም ዪት ተደርጓል ይባላል። ተቃራኒም አግኝተውለታል፦ «ዮይንክ»። እሱ ደግሞ ላፍ ማድረግ ነው።