«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም»

ይህ ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሁለት ነገር ደርቦ ለያዘ ወይም ሁለቱንም ካልያዝኩ ለሚል ሰው ነው። «አንዱን ምረጥ» ማለት ነው ተብሎ ይታለፋል። ለእኔ ግን ጉልበቱ ያለው «ተብሎ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ተረቱ ሁለት እግር መኖሩን አልካደም፤ የካደው «ስላለኝ እችላለሁ» ማለትን ነው። ሥዕሉም የመጣው ከራሱ ከዛፍ አወጣጥ ነው። ግንድ ላይ የሚወጣ ሰው አንዱ እግሩ ሲገፋ ሌላው ይደግፈዋል። አንዱን ወደ ጎረቤት ግንድ ከሰደደ መሃል ላይ ተንፈርክኮ ይቀራል።

ጭንቅላትም ከዚህ አይርቅም። አብሯችሁ የሚራመድ ወዳጃችሁን «ከ100 ጀምረህ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ቁጠር» በሉት። 93፣ 86 ይላል፤ 79 ላይ እርምጃው ይዘገያል፤ 72 ጋ ሲደርስ አንዳንዱ ጭራሽ ይቆማል። እግሩ ደክሞት አይደለም። ቁጥሩን ይዞ በማቆየትም የሚቀጥለውን በማስላትም ከግንባራችን አጥንት ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ትልቅ ድርሻ አለው፤ እርምጃንም በመጠኑ ይቆጣጠራል።

ይህን ክፍል ሲሠራ በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ የምስል መሣሪያ) ማየት ይቻላል። ፊደሎች ተራ በተራ እየታዩ «ይህ ከሁለት ፊደል በፊት ያየኸው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ወደዚያ የሚፈሰው ደም ይጨምራል፤ «ከሦስት በፊት» ሲባል ደግሞ ይብሳል። ከአቅም በላይ ሲሆን ግን በአንዳንድ ጥናት መጨመሩ ቀርቶ ሲወርድ ታይቷል።

ተረቱን ሊያፈርስ የተቃረበው እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣው የተመራማሪዎቹ የሲልቫን ሻሮንና የኤቲየን ኬክላን ጥናት ነው። በጥናቱ የተሳተፉት ሰዎች አንድ ሥራ ብቻ ሲይዙ የፊተኛው አንጎል ግራና ቀኝ ውስጠኛ ክፍሎች አብረው ይሠሩበት ነበር። ሁለተኛ ሲጨመርላቸው ግራው የመጀመሪያውን፣ ቀኙ ሁለተኛውን ተከፋፍለው ያዙ። ሁለት እግር፣ ሁለት ዛፍ! ደስ አይበለን፤ በአንድ ቅጽበት የሚሠራው አንዱ ብቻ ነበር፣ ሌላው በይደር ተይዞ ተራውን ይጠብቃል። ሦስተኛ ሲታከልባቸው ስህተታቸው በዛ፣ ከሦስቱም አንዱን መርሳት ጀመሩ። ለሦስተኛው ዛፍ የተረፈ እግር አልነበረም።