ባዮሚሚክሪ ምንድን ነው? ቅጠል መምሰል አይደለም

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ የቅጠል ቅርጽ ያለው የፕላስቲክ ሳህን አሳይቶ «ባዮሚሚክሪ ማለት ይሄ ነው» ሲል ሰማሁ። ሥራዬ ከቁስ ጋር ነው፤ ዝም ማለት አቃተኝ።

ባዮሚሚክሪ ከተፈጥሮ አሠራር ተምሮ መንደፍ ነው። «አሠራር» የምትለዋን ያዙልኝ። እ.ኤ.አ. በ1941 የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ጆርጅ ደ ሜስትራል ውሻው ፀጉር ላይ ከተጣበቀ ጭጎጎት ተነስቶ ቬልክሮን፣ በጥቃቅን መንጠቆዎች የሚጣበቀውን ማያያዣ፣ ፈጠረ። ግሩም ሥራ ነው። ግን ጭጎጎቱ ወድቆ አፈር ይሆናል፤ የናይለኑ መንጠቆ አይሆንም። መያዙ ተቀዳ፣ መበስበሱ ቀረ። ቆሻሻ እንዳይከማች የሚያደርገው ደግሞ ያልተቀዳው መበስበሱ ነው።

ተፈጥሮን እንደ ድሮ ማተሚያ ቤት አስቧት። ገጹ ታትሞ ሲያበቃ የእርሳስ ብረት ፊደሉ ተፈትቶ ለሌላ ገጽ ይለቀማል። ፕሮቲንም እንደዚሁ ነው። ጡንቻውም፣ ላባውም፣ የሸረሪት ድሩም አሚኖ አሲድ በሚባሉ 20 «ፊደሎች» ይጻፋል። ፈቺዎቹ ፕሮቲኑን ወደ ፊደሎቹ የሚቆራርጡት ኤንዛይሞች ናቸው። የጥንዚዛ ቅርፊትን እዩ፤ ይጠነክራል፣ ውሃ ይከላከላል፣ ያብረቀርቃል፤ በዋናነት ግን ካይቲን (ከስኳር ሰንሰለት የተሠራ ጠንካራ ቁስ) እና ፕሮቲን ነው። እኛስ? ለድንች ጥብስ ከረጢት ፕላስቲክና አሉሚኒየም በስስ በስሱ እናነባብራለን። ፊደሎቹን በሙጫ አጣብቆ እንደማተም ነው። ገጹ ያምራል፤ ፊደሉን ግን ማንም አይፈታውም። ማቅለሚያና ማለስለሻ ሲጨመርበት ደግሞ ፊደሉ ራሱ ይበላሻል፤ ይህን ከላብራቶሪ ውጭ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

«ከበቆሎ ከተሠራ ይበሰብሳል» የሚሉም አሉ። አይደለም! ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ከተክል ስኳር ይሠራል፤ ቶሎ እንዲበሰብስ ግን 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚሞቅ የኮምፖስት ማብላያ ይፈልጋል። ባሕር ውስጥ ከተጣለ ለዓመታት ይቆያል። ፊደሉ ከምን እንደተቀረጸ ሳይሆን ፈቺ ማግኘቱን ጠይቁ።

«ተፈጥሮ ቆሻሻ የላትም» የሚለውም ልክ አይደለም። ድንጋይ ከሰል ምንድን ነው? ብዙው ከ300 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በልቶ የሚጨርሰው ሳያገኝ የተቀበረ ተክል ነው። ተፈጥሮም በዪ ካጣች ታከማቻለች።

ስለዚህ ንድፍ ሲጀመር «ይህን ማን ይበላዋል?» መባል አለበት። በዴንማርክ ካሉንድቦርግ ከተማ ከሰል የሚያነድደው የኃይል ማመንጫ ጭስ ሲጣራ የሚወጣውን ጂፕሰም (ጄሶ) ጎረቤት ፋብሪካ ወስዶ የግድግዳ ሰሌዳ አደረገው። እዚያ ቅጠል የሚመስል ነገር የለም፤ ለእኔ ግን ከሳህኑ ይልቅ ተፈጥሮን የቀዳው እሱ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከሰል ማንደድ ሲቀር ጂፕሰሙም ይቀራል። ያኔ በዪውም ሌላ ምግብ መፈለግ አለበት።