ምርጡን ፈላጊነትና ፀፀት፦ ስለ መለኪያዎቹ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ምርጡን ፈላጊ ማለት ጥራት ወዳድ ነው፤ በበቂው የሚረካ ግን ያገኘውን የሚያነሣ ነው።» ሰዎች ከአማራጮች መካከል የሚመርጡበትን መንገድ በሚገልጹት በእነዚህ ሁለት የሥነ ልቦና ስያሜዎች ላይ ከሚነገሩት ስሕተቶች ሁሉ ሥር የሰደደው ይህ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1956 ባቀረበው ሐሳብ በበቂው የሚረካ ሰው የሚታወቀው መስፈርቱ ሲሟላ ፍለጋውን በማቆሙ ነው፤ መስፈርቱ ግን ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። በባቲ የሰኞ ገበያ በሬ ሊገዛ የወጣ ገበሬ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን አይቶ፣ ጫንቃውን ዳብሶ፣ ጥቂት አስነድቶ አረማመዱን ተመልክቶ ያሰበውን የሚያሟላ ሲያገኝ ቢገዛ፣ ማንም በዝቅተኛ መስፈርት ሊከሰው አይችልም። ምርጡን ፈላጊ የሚባለው፣ ይህንኑ በሬ አግኝቶም ያላየሁት የተሻለ ይኖራል በማለት ገበያውን ሲዞር የሚውለው፣ ከገዛም በኋላ በመንገድ ያገኘውን ሁሉ «በስንት ገዛኸው?» እያለ የሚጠይቀው ነው።

«የፀፀት መለኪያው ሰውየው በምን እንደተፀፀተ ይነግረናል» የሚለውም ትክክል አይደለም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ባሪ ሽዋርትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት መጠይቅ ምርጡን ፈላጊነትን በ13፣ ፀፀትን በ5 ዐረፍተ ነገሮች ይለካል፤ መላሹም ምን ያህል እንደሚስማማ ከ1 እስከ 7 ባለው ቁጥር ይገልጻል። የሚመዘነው ልማድ ነው፤ ምርጫው ሠምሮለት ሳለ ሌላው ይበልጥ ያዋጣ እንደነበር ሲሰማ የሚቆጨው ሰው ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል። ነጥቡ የሕመም ምርመራ ውጤትም አይደለም።

«አጥብቆ የፈለገ ይበልጥ ይረካል» ለሚሉ፣ የምርጫ ተመራማሪዋ ሺና አየንጋርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራቂ ተማሪዎችን ተከታትለው ያገኙት መልስ ይሆናል፦ ምርጡን ፈላጊዎቹ 20 በመቶ ያህል የበለጠ መነሻ ደመወዝ ያለው ሥራ ቢያገኙም እርካታቸው ግን ያነሰ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ «ምርጡን መፈለግ ደስታን ያጠፋል» ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው፤ አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው መንሥኤ መሆኑን አያረጋግጥም፣ ግንኙነቱም እንደ መለኪያው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት የ13ቱን ዐረፍተ ነገሮች መለኪያ የተሻለ አማራጭ ፍለጋ፣ የመወሰን ችግርና ከፍተኛ መስፈርት በሚሉ ሦስት ክፍሎች ለይቶታል። ስለዚህ ይህን መጠይቅ ለመመረቂያ ጽሑፉ በደሴ ወይም በወልድያ የሚያስሞላ ተማሪ ሦስቱን ክፍሎች ለየብቻ ቢያሰላ ይበጀዋል፤ በድምሩ ብቻ ከተወሰነ፣ ጥራት የሚጠይቀውን ሰው መወሰን ከሚያቅተው ሰው ጋር አንድ አድርጎ ይቆጥረዋል።