ካርድ ስንሠራ ስለ ኮላ የምንሳሳተው

ጳጉሜ ሲመጣ ጅማ ውስጥ ልጆች ወረቀትና ቀለም ይዘው መሯሯጥ ይጀምራሉ። ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ፤ ወንዶቹ ለእንቁጣጣሽ የሚያድሉትን አበባ ይሥላሉ። እኛ ቤት ደግሞ ካርድ ቆርጠንና አጣብቀን እንሠራለን። ከልጆቹ ጋር ስቀመጥ የምሰማቸው አንዳንድ አባባሎች አሉ። ትልቁም ትንሹም ያምናቸዋል፤ ሥራውን የሚያበላሹትም እነሱ ናቸው።

«ኮላ ሲበዛ በደንብ ይይዛል።» ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ነጩ ኮላ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ወረቀት ደግሞ ከእንጨት የወጣ ቀጫጭን ክር ነውና ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በአንድ በኩል ብቻ ሲርስ ይጠቀለላል፣ ይሸበሸባል። ያኔ ልጆቹ «ወረቀቱ መጥፎ ነው» ይላሉ። ወረቀቱ ምን አደረገ? ሁለት ወረቀት አጣብቆ የሚይዘው ስስ ሽፋን ነው። ኮላውን በካርቶን ቁራጭ ከመሃል ወደ ዳር ገፍታችሁ አሳሱት። ከዚያ ካርዱን በንጹሕ ወረቀት ሸፍናችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። ለስሱ የፎቶ ኮፒ ወረቀት፣ ማለትም ለባለ 80 ግራሙ (አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም ለሚመዝነው)፣ ውሃው አነስተኛ የሆነው ስቲክ ኮላ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ፋብሪካ ወረቀት ሲሠራ አብዛኞቹ ክሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። ወረቀቱ ሲርስ ይበልጥ የሚሰፋው ወደ ክሮቹ ጎን ነው። ካርቶኑን በሁለቱም አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ጎንበስ አድርጉት። እሺ ብሎ የሚታጠፍበት መስመር የክሩ አቅጣጫ ነው። የካርዱን እጥፋት በዚያ መስመር አድርጉት፤ ሁለት ወረቀት ስታጣብቁም ክራቸው ይግጠም።

«እጅ ላይ ካልተጣበቀ ደርቋል።» አልደረቀም። ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና ነው። ነጭ ኮላ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። የጅማ ክረምት እንደምታውቁት ነው፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ከዚያም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ካርዱን በዋዜማው ማታ አትጀምሩት። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ፀሐይ ላይ ማስጣትም መፍትሔ አይደለም። አንዱ ፊት ቀድሞ ይደርቅና ካርዱ ይቆለመማል።

«ጫማ የያዘ ወረቀት አያቅተውም» ብለው ማስቲሽ የሚያመጡ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ማስቲሽ የተሟሟበት ኬሚካል ሽታው ጤና ይጎዳል፤ ልጆች ባሉበት ዝግ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ መከፈት የለበትም። ወረቀቱንም ውሎ አድሮ ያቢጫዋል። ሱፐር ግሉም ለዚህ አይሆንም። ወረቀት ውስጥ ሰርጎ ያደርቀዋል፣ ይሰባበራል። የጥጥ ጨርቅ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ እስኪያቃጥል ሊግል ስለሚችል በአሮጌ ሸሚዝ አትጥረጉት።

«የዱቄት ኮላ የድሮ ነው፣ አይረባም።» እኔ በዚህ አልስማማም። የጥንት ጽሑፍ የሚጠግኑ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ከስንዴ ስታርች የተሠራ ማጣበቂያ ይጠቀማሉ፤ ምክንያቱም በውሃ መልሶ ይላቀቃል። ደካማ የሚሆነው ጥሬውን ስንበጠብጠው ነው። አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአራት እጅ ውሃ በጥብጡና እያማሰላችሁ እንደ ወፍራም አጥሚት እስኪሆን አብስሉት። ሲቀዘቅዝ ተጠቀሙ። ግን ውሃ ስለሚበዛው በስሱ ቀቡት፤ በኛ አየር ቶሎ ይሻግታልና የተረፈውን ለሳምንት አታስቀምጡ።

ስለ ስኮች አጭር ነው። ለጊዜው እንጂ ለማስታወሻ አይሆንም። ርካሹ ስኮች ከዓመታት በኋላ ይቢጫል፣ ማጣበቂያው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ፎቶ ላይ አትለጥፉት።

የመጨረሻው የኛው የጅማ ነገር ነው፤ ካርድ ላይ ቡና መለጠፍ። «ቡና ኮላ አይይዘውም» ሲሉ እሰማለሁ። ይይዘዋል። ችግሩ የተቆላው ቡና ቅባት ማውጣቱ ነው። ሌላው ደግሞ ስንጥቁ እንዲታይ ብለን ጠፍጣፋውን ፊት ወደ ላይ እናደርገዋለን፤ ያኔ ፍሬው ካርቶኑን የሚነካው በጀርባው ጫፍ ብቻ ነው። ጥሬ ቡና ውሰዱ፤ ጠፍጣፋው ፊት ወደ ታች ይሁን። ካርቶኑ ወፈር ያለ ይሁን፣ 200 ግራምና ከዚያ በላይ። እዚህ ላይ ብቻ ኮላ አትሰስቱ፤ ለእያንዳንዱ ፍሬ ወፈር ያለ ጠብታ አድርጉ። ምንም አትጫኑበት። ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ እስከ ነገ አትንኩት።