አስመሳይ መልቲትሬዲንግ ምንድን ነው?

ጣናን በሚያሳይ አኒሜሽን ላይ የደንገል ታንኳው ይቀዝፋል፣ ወፉ ይበራል፣ ሞገዱ ይወዛወዛል። ለዓይን ሦስቱም አንድ ላይ ናቸው። ጃቫስክሪፕት (የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ) ግን ገጹን የሚያንቀሳቅሰው በአንድ ትሬድ፣ ማለትም በአንድ የሥራ መስመር፣ ስለሆነ የሚሄዱት በተራ ነው። ተራው ሳይታወቅ እንዲያልፍ ማድረግ አስመሳይ መልቲትሬዲንግ ይባላል።

ሜጫ ውስጥ በመስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቦዩ አንድ፣ ማሳው ብዙ ነው። የውኃ አባቱ ተራ ያወጣል፤ ባለተራው ሲጨርስ የማሳውን አፍ ደፍኖ ለቀጣዩ ይለቃል። አልደፍንም ያለውን እዚያ የሚገስጽ አለ፤ ብራውዘር ውስጥ የለም። አንዱ ሥራ ካልለቀቀ ታንኳውም፣ ወፉም፣ የተጫኑት ቁልፍም ይደርቃሉ።

አሠራሩ ይኸው፦ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በጀነሬተር፣ ማለትም ቆሞ መቀጠል በሚችል ፈንክሽን፣ ይጻፉ። ጥቂት ይሠራና ዪልድ የሚለው ትእዛዝ ላይ ይቆማል፤ ሲጠሩት ካቆመበት ይቀጥላል። ሁሉንም በአንድ ዝርዝር ያኑሩና በሪኩዌስት አኒሜሽን ፍሬም (ብራውዘሩ ሥዕሉን ከማደሱ በፊት ኮድ እንዲጠራ በሚያደርገው ትእዛዝ) የሚጠራ አንድ ዑደት በየፍሬሙ፣ ማለትም ሥዕሉ በታደሰ ቁጥር፣ ኔክስት (ቀጥል) እያለ ይዙርባቸው። ያለቀውን ሲያወጡ ከዝርዝሩ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው ይምጡ፤ ከፊት ከጀመሩ ቀጣዩ ይዘለልና ወፉ አንድ ፍሬም ቀጥ ይላል። ለየአንዳንዱ የራሱን ሴትታይምአውት (ኮድን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የሚጠራ ትእዛዝ) መስጠት አያዋጣም፤ ከስክሪኑ ምት ጋር አይገጥምም።

በ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ) ስክሪን ለአንድ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ ሥዕሉን መሳልም ከዚሁ ይቆረጣል። 20,000 የውኃ ጠብታ የሚያሰላ ሥራ ካለ በየ500ው ሰዓት ይይ፤ 5 ሚሊሰከንድ ካለፈ ዪልድ ይበል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአዌይት (“ውጤቱን ጠብቅ” በሚለው ትእዛዝ) ነው፦ ያለቀ ፕሮሚስን (ወደፊት የሚመጣ ውጤትን የሚወክል ነገር) አዌይት ማድረግ ቦዩን ለስክሪኑ አይለቅም፣ ከአዌይት በኋላ ያለው ኮድ የሚሰለፍበት ማይክሮታስክ ሁሉ ከሥዕሉ በፊት ይሮጣልና።

ታንኳውን በፍሬም 1 ፒክስል አያስኪዱት፤ 120 ኸርዝ ስክሪን ላይ በእጥፍ ይፈጥናል። በሰከንድ 40 ፒክስል ይበሉና ከቀድሞው ፍሬም ወዲህ ባለፈው ጊዜ ያባዙ። ያንን ጊዜም ቢሆን በ50 ሚሊሰከንድ ይገድቡት፦ ካልገደቡት ተመልካቹ ሌላ ታብ ከፍቶ ከ30 ሰከንድ በኋላ ሲመለስ ታንኳው 1,200 ፒክስል ዘሎ ከሐይቁ ይወጣል። ገደቡ ካለ ግን የሚሄደው 2 ፒክስል ብቻ ነው።

መቆለፊያ (ሁለት ሥራ አንድን ዳታ አብረው እንዳይነኩ የሚከለክል) አያስፈልግም፤ ሁለት ዪልድ መካከል ሥራውን የሚያቋርጠው የለም። ከዪልድ ሲመለስ ግን ሥራዎቹ የሚጋሩትን ዳታ እንደ አዲስ ያንብብ፣ ሌላው ቀይሮት ሊሆን ይችላል።