«አነበበ» ሁሉ «ገባው» አይደለም፦ ስለ አንብቦ መረዳትና ስለ ቃላት ማስተማር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እስቲ ይህችን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፦ «ጭልቋው ድንጉሱን ሞልፎ ወደ ብርጦው ገባ።» ጭልቋው ወዴት ገባ? ከመግባቱ በፊትስ ምን አደረገ? ሁለቱንም መለሳችሁ፤ ከሁለት ሁለት። ቃላቱን ግን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ አንዳች ትርጉም የላቸውም።

«ጥያቄውን ከመለሰ ገብቶታል»

እኛ መምህራን ከምንባብ ሥር የምንደረድራቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ እንደ ጭልቋው ናቸው። ተማሪው የጥያቄውን ቃል ምንባቡ ውስጥ ፈልጎ ዓረፍተ ነገሩን ይገለብጣል። መረዳቱ የሚታየው «መጽሐፉን ዝጋና በራስህ አባባል ንገረኝ»፣ «ይህ ባይሆን ኖሮስ?» ሲባል ነው። ደግሞም መጠየቅ መፈተን እንጂ ማስተማር አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ዶሎረስ ደርኪን በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ክፍል ገብተው 4,469 ደቂቃ የንባብ ትምህርት ተከታተሉ፤ እንዴት መረዳት እንደሚቻል የተማረበት ጊዜ 20 ደቂቃ ብቻ ነበር።

«አቀላጥፎ የሚያነብ ይረዳል»

ተመራማሪዎቹ ጎፍ እና ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 ነገሩን በማባዛት ገለጹት፦ አንብቦ መረዳት ማለት ፊደል ማንበብ ሲባዛ በቋንቋ መረዳት ነው። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ። በእርግጥ የሚደናቀፍ ልጅ ሐሳቡ ሁሉ ፊደሉ ላይ ስለሚያልቅ ቅልጥፍና ያስፈልጋል፤ ግን በር ከፋች ብቻ ነው። (ተራ በተራ ማስነበብ ደግሞ ቅልጥፍናንም አያስተምርም። አንዱ ሲያነብ ሌሎቹ የሚደርሳቸውን አንቀጽ እየቆጠሩ ነው።)

«የቃል ፍቺ አስጽፎ ማስሸምደድ ይበቃል»

እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። «ቆጠበ፦ ሳያባክን አስቀመጠ» ብለን ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። ተማሪው «ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ቆጠብኩት» ብሎ ዓረፍተ ነገር ይሠራል። ምን አጠፋ? የሰጠነው ፍቺ ይህን ይፈቅዳል።

ቃሉ ከነጓደኞቹ ይቅረብ፦ ገንዘብ ይቆጠባል፣ ውሃ ይቆጠባል፣ ሰው ከክፉ ንግግር ይቆጠባል። ደብተርስ ይቆጠባል? ለምን አይቆጠብም? እዚህ ላይ ክፍሉ ይከራከራል፤ ትምህርቱ ክርክሩ ነው። ከዚያ ወደ ዘመዶቹ፦ ቁጠባ፣ ቆጣቢ፣ ቁጥብ። «ቁጥብ ሰው» ገንዘብ የሚያስቀምጥ ነው ወይስ ብዙ የማያወራ? በነጋታው፣ ከሳምንት በኋላም ቃሉን በሌላ ዓረፍተ ነገር መልሳችሁ አምጡት። በዚህ መንገድ በሳምንት አሥራ አምስት ቃል ማዳረስ አይቻልም፤ አምስት ይበቃል። ምርጫው እንደ «አነጻጸረ» እና «መንስኤ» በየትምህርቱ የሚመላለሱት ላይ ቢሆን እመርጣለሁ።

«ያልታወቀ ቃል ከአውዱ ይገመታል»

አንዳንዴ። «ልጅቷ ዝግ ብላ ገባች» ሲል በሩን ዘግታ ነው? ተደብቃ? ወይስ ቀስ ብላ? አውዱ ሦስቱንም አይከለክልም። ግምት የሚሠራው በዙሪያው ያሉት ቃላት ሲታወቁ ነው። በውጭ ቋንቋ ንባብ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ያለ እገዛ ለመረዳት ከመቶ 98 ያህሉን ቃል ማወቅ እንደሚያስፈልግ ያመለክታሉ። ከሃምሳ ቃል አንድ ብቻ ቢጎድል ነው።

«የንባብ ስልት የያዘ የትኛውንም ምንባብ ይረዳል»

ተመራማሪዎቹ ሬክት እና ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ለ64 ተማሪዎች ቤዝቦል ስለሚባለው የኳስ ጨዋታ ግጥሚያ የሚተርክ ጽሑፍ ሰጡ። ጨዋታውን የሚያውቁት «ደካማ አንባቢዎች» ጨዋታውን ከማያውቁት «ጎበዞች» በልጠው ተገኙ። ስለዚህ ከንባቡ በፊት ስለ ጉዳዩ አምስት ደቂቃ ማውራት ጊዜ ማባከን አይደለም።

ስልት ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ተመራማሪዎቹ ፓሊንሳር እና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1984 ያስተዋወቁት የንባብ ስልት ማስተማሪያ መንገድ አራት ነገር ይዟል፦ መተንበይ፣ መጠየቅ፣ ያልገባን ማጥራት፣ ማጠቃለል። መምህሩ መጀመሪያ ራሱ ጮክ ብሎ ያስባል፦ «እዚህ ጋ ‹እሱ› ይላል፤ አባትየው ነው ወይስ ልጁ? አልገባኝም፣ አንድ መስመር ልመለስ።» ተማሪዎች «አልገባኝም» የሚለውን ከመምህር አፍ እምብዛም ስለማይሰሙ መጀመሪያ ይስቃሉ። በቀጣዩ አንቀጽ የመምህሩን ቦታ ለአንዷ ልቀቁላትና «እሱ» ማን እንደሆነ እሷ ትፈልግ።