«ከመጠምጠም መማር ይቅደም»፦ ከቅኔ ቤት እስከ ከዚራ ጋራዥ

ጥምጥም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀምሶ ያለፈ ካህን ወይም ደብተራ ራሱ ላይ የሚጠመጥመው ነጭ ሻሽ ነው። ስለዚህ ተረቱ ለመፍታት አያስቸግርም፦ የሊቅ ልብስ ከመልበስህ በፊት ተማር። ጨርቁንማ ማንም ከገበያ ይገዛዋል።

ብዙ ሰው ግን «መማር» የምትለዋን ቸኩሎ ያልፋታል። መሸምደድ ትመስለዋለች። ቅኔ ቤት ያየ እንዲህ አይልም። የቅኔ ተማሪ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ብቻውን እያሰላሰለ የራሱን ቅኔ ያወጣል። ይህ «ቆጠራ» ይባላል። ከዚያ የኔታ ፊት ያቀርበዋል። ቤት ካልመታ ወይም ምሥጢሩ ከተፋለሰ ይታረማል። ነገም ሌላ ቅኔ ይዞ ይመጣል።

እኔ ይሄ የገባኝ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ቀን ከድሬዋ ታይዋን ገበያ የገዛሁትን ሰማያዊ ቱታ ለብሼ፣ ካቻቢቴ ኪሴ ላይ ሰክቼ ሄድኩ። የጋራዡ አለቃ ጋሼ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው። (ድሬ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች አይደለች!) ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አቦ፣ ጠምጥመህ መጣህ!» አሉ።

የባጃጅ ካርቡራተር ሰጡኝ። ፈታሁ፣ በቤንዚን አጠብኩ፣ ገጠምኩ። ጎበዝ ነኝ ስል ጨርቁ ላይ አንዲት የነሐስ ብሎን ቀርታለች። መሐሏ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አላት። ደብቄ ኪሴ ከተትኳት። ባጃጁ ተነሳ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ጠፋ። ካንዴላው ሲወጣ በቤንዚን ርሷል።

ጋሼ አልተቆጡም። «ኪስህ ያለችውን አውጣ» አሉኝ። «አሁን ዛፏ ሥር ቁጭ በል። ቤንዚኑ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በጣትህ ተከተለው።»

ስምንት ሰዓት ነው። ሙቀቱ ያነደዳል፣ ሱቁ ሁሉ ዘግቷል፣ ጋሼም ሸለብ አድርጓቸዋል። ሁለቴ ፈትቼ ሁለቴ ገጠምኩ። በሦስተኛው ገባኝ፦ ለካ ለሞተሩ ቤንዚን የምትሰፍርለት ያቺ ብሎን ናት! እሷ ከሌለች ዝም ብሎ ይጎርፍበታል።

ሮጬ ሄጄ ቀሰቀስኳቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ታዲያ እኔን ምን ያስነሳሃል? ባጃጁን አስነሳው እንጂ» አሉ።